ስም ጥሪው እስኪያልቅ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለሰው በቅጡ ተናግሬው አላውቅም። ልጆቼም የሚያውቁት ቁርጥራጩን ነው። ስለ ራሴ ማውራት አልወድም፤ ያለፈውን መቆስቆስም ልማዴ አይደለም። ነገር ግን በቅርቡ የሰፈራችን ሰዎች ለእሳት አደጋ ጊዜ የሚደርስ የበጎ ፈቃድ ቡድን እናቋቁም ብለው ሲሰበሰቡ እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። አንድ መልካም ወጣት ተነሥቶ «ከሁሉ በፊት ጠንካራ መተዳደሪያ ደንብ ያስፈልገናል» ሲል ብዙ ሰው አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። ቤቴ ገባሁና እስክሪብቶ ፈለግኩ።

ጊዜው በንጉሡ ዘመን፣ ሃምሳዎቹ እንደገቡ ነው። ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ነበር። ቤታችን ከላምበረት ወደ ላይ፣ የእንጦጦ ጋራ ግርጌ ላይ ነው። በአንድ ወገን ባሕር ዛፍ፣ በሌላው ወገን ማሳ፣ በመካከሉ ሣር ክዳንና ቆርቆሮ የተቀላቀሉበት ሰፈር ነበር። ግማሹ ሰው ኦሮምኛና አማርኛ እኩል ይናገራል። ትናንት ገበሬ የነበረው ዛሬ የመሥሪያ ቤት ዘበኛ ወይም ነጋዴ ሆኗል።

አባቴ የእድራችን ጸሐፊ ነበሩ። ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው መዝገቡን ለሰው አልሰጥም አሉ። እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ እፈልግ ስለነበር በእሳቸው ስም እጽፍ ጀመር። ስብሰባ ላይ ከአባቴ ጎን እቀመጣለሁ፤ የሚባለውን እጽፋለሁ፤ ሲሉኝ አነባለሁ። ከዚያ ውጭ አልናገርም። በስብሰባው ውስጥ ሌላ ሴት አልነበረችም። ይህንን ያኔ እንደ ክብር ነበር የምቆጥረው።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ ጋራው ላይ የተነሣ እሳት ወርዶ ሁለት ቤት በላ። ከከተማ የመጣው የእሳት አደጋ መኪና መንገዱ ጠቦትና አቀበቱ ከብዶት ከታች ቆመ። ሰዎቹ የቻሉትን ያህል ጣሩ፤ የውሃው ቱቦ ግን እኛ ዘንድ አልደረሰም። ስለዚህ እድሩ የራሳችንን እናደራጅ ብሎ ተሰበሰበ።

መጀመሪያ የተናገሩት ሃምሳ አለቃ ደምሴ ነበሩ። ኮርያ ዘምተው የተመለሱ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው።

«እሳት ያየ ይጩኽ» አሉ። «የሰማ ያገኘውን ይዞ ይሩጥ። አምስት አምስት ቤት አንድ ቡድን ይሁን። ሴቶቹም ይመዝገቡ። በሥራ ቀን እዚህ የሚውሉት እነሱ ናቸው።»

የእድሩ ዳኛ ባላምባራስ ወንድይራድ ጋቢያቸውን አስተካክለው ጥቂት አሰቡ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህንን ደጋግሜ እላለሁ፤ ምክንያቱም ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ የዛሬው ንዴቴ ቀላል ይሆንልኝ ነበር።

«ጥሩ ብለዋል ሃምሳ አለቃ። ግን ሁሉም ባገኘው ከሮጠ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ በምን እናውቃለን?»

ይቺ ጥያቄ ስብሰባውን ወሰደችው።

«እውነት ነው» አለ አንዱ። «ባለፈው እኔ ጭሱ ውስጥ ስንደፋደፍ ደጃፉ ላይ ቆሞ ያይ የነበረ ሰው አለ። ስሙን አልጠራም።»

«ጥራው እንጂ።»

«ራሱን ያውቃል።»

«እኔን ከሆነ ወገቤን አሞኝ ነበር።»

«ማን አንተን አለ? ለካ አንተም ቆመህ ነበር?»

ተሳሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን የሁሉም ፊት ጠቆረ። ያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር ሰዎቻችንን ከእሳቱ ይልቅ የሚያንገበግባቸው የቀረው ሰው መሆኑ ነው። ባላምባራስ መፍትሔውን አገኙት። ለቀብር እንዴት ነው የምናደርገው? ጥሩምባ ይነፋል፣ አባል ይሰበሰባል፣ ስም ይጠራል፣ ከዚያ አስከሬን ይነሣል። ለእሳቱም እንዲሁ ይሁን። ቀሪ የተባለ ሰው በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቶ ምክንያቱን ለጉባኤው ያስረዳል። ሴቶቹን በተመለከተ አባል ማለት የቤቱ አባወራ ነው ተባለና ታለፈ።

ደንቡን እንድጽፍ ለእኔ ተሰጠኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ደከምኩበት። አንቀጽ አራት ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ስም ጥሪው በሚገባ ተከናውኖ ሳይጠናቀቅ ማንኛውም አባል ወደ ሥራ አይሰማራም።» ይህ ዓረፍተ ነገር የእኔ ነው። ማንም አላጻፈኝም። በጉባኤ ፊት ሳነበው ባላምባራስ ራሳቸውን ነቀነቁና «ይቺ ልጅ ብዕር አላት» አሉ። አባቴ ፈገግ አሉ። እኔም ደስ አለኝ።

ሃምሳ አለቃ ብቻ «እሳቱ ማንበብ ይችላል ወይ?» ብለው ጠየቁ። ሰው ሳቀ፤ ደንቡም ጸደቀ።

እሳቱ የመጣው መጋቢት ውስጥ፣ በእሑድ ቀን፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ እቤቱ ባለበት ሰዓት ነው። ማሳ ለማጽዳት የተለኮሰ ገለባ ነፋስ አንሥቶት ከወንዙ ማዶ ያለው የአቶ ቱፋ ቤት ጣራ ላይ ጣለው። ጣራው ሣር ነበር።

አቶ ቱፋ ከሚስቱ ከጫልቱና ከእናቱ ጋር ነበር የሚኖረው። እናቱን ሁላችንም «አዮ» እንላቸዋለን፤ በኦሮምኛ እናት እንደ ማለት ነው። አዮ ሁለት ክረምት ሙሉ ከአልጋ አልወረዱም። ጫልቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ አንዳንድ ጊዜ እኔ ገብቼ አጠገባቸው እቀመጥ ነበር። ስለዚህ ጥሩምባው ተነፍቶ መዝገቡን ይዤ ስወጣ፣ ከማዶም ጭሱን ሳይ፣ አዮ የት እንዳሉ አውቃለሁ። ከበሩ ሲገቡ በስተቀኝ፣ ግድግዳው ሥር ያለው መደብ ላይ።

የምንሰበሰበው ከእድሩ ዕቃ ቤት ፊት ለፊት ካለው ጥድ ሥር ነው። ከዚያ ሆኖ የወንዙ ማዶ ወለል ብሎ ይታያል። ወርዶ ለመውጣት ፈጣን ሰው አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ስደርስ ሃያ የሚሆን ሰው ተሰብስቧል። መሰላሉ ወጥቷል፣ መጥረቢያው ወጥቷል፣ ባልዲው ተደርድሯል፣ ጆንያው ውሃ ውስጥ ተነክሯል። ሁሉም በደንቡ መሠረት ነበር።

«ጀምሪ» አሉኝ ባላምባራስ። «ፈጠን ፈጠን አድርጊው።»

ጀመርኩ። አንደኛው ስም የራሳቸው ነው። «አቤት» አሉ። ሁለተኛው አቤት አለ። ሦስተኛው አቤት አለ። አራተኛው የለም፤ ቀሪ ብዬ ጻፍኩ። ስድስተኛው ላይ ስደርስ አራተኛው ሰው በባዶ እግሩ እያለከለከ መጣ።

«የኔ ስም አልፏል እንዴ?»

«አልፏል» አሉ ባላምባራስ።

«ይኸው ደርሻለሁ። አቤት።»

«ስምህ ሲጠራ አልነበርክም።»

«ባላምባራስ፣ ከጋራው ጫፍ እኮ ነው የሮጥኩት። ጫማ እንኳ አላደረግኩም።»

«ደንቡ ስለ ጫማ ምንም አይልም።»

«ዘግይቶ ደረሰ ተብሎ ይጻፍለት» አለ አንድ ሽማግሌ።

ሁሉም ወደ እኔ አዩ። እኔም መዝገቡን አይቼ «ዘግይቶ ደረሰ የሚል ዓምድ የለንም» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ከማዶ ጭሱ እየጠቆረ ነው። አቶ ቱፋ ጣራው ላይ ወጥቶ ያልተያያዘውን ሣር በእጁ እየነቀለ ወደ ታች ይጥላል። ጫልቱ ትጮኻለች። ጋራው ላይ ለማገዶ ቅጠል የሚጠርጉ ሴቶች ሸክማቸውን ጥለው ቁልቁል ሲሮጡ ይታየናል። እኛ ደግሞ ዓምድ አለ የለም እንከራከራለን።

አሥራ አንደኛው ስም ላይ ሃምሳ አለቃ ወደ እኔ ቀረቡ።

«አስካለ፣ አዮ ውስጥ ናቸው።»

«አውቃለሁ» አልኩ።

«ታዲያ ምን ታነቢያለሽ?»

ባላምባራስን አየሁ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ተራዎ ገና ነው» አሉ ባላምባራስ። «ስርዓት ካልተጠበቀ ነገ ማንም አይመጣም። ይኸ ለእነ ቱፋ ብለን ያወጣነው ደንብ እኮ ነው።»

ሃምሳ አለቃ አንድ መጥረቢያ አንሥተው ቁልቁል ወረዱ። ሁለት ሰዎች ተያዩና ባልዲ ይዘው ተከተሏቸው።

«ሦስቱንም ያለ ፈቃድ የሄዱ ብለሽ ያዢ።»

ያዝኩ። ለዚያም ዓምድ አልነበረም፤ ኅዳጉ ላይ ጻፍኩት። ለባዶ እግሩ ሰው ያልተገኘ ቦታ ለእነሱ ተገኘ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርህ። ሰው እንዲህ ያለ ታሪክ ሲሰማ «እኔ ብሆን መዝገቡን ወርውሬ እሮጥ ነበር» ይላል። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ እንደዚያ እል ነበር። ግን በእጅህ መዝገብ ይዘህ፣ ሽማግሌዎች ከበውህ፣ ድምፅህን ጠብቀው አንድ በአንድ አቤት ሲሉህ፣ ሥራ እየሠራህ ይመስልሃል። እንዲያውም ከሁሉ የበለጠውን ሥራ የምትሠራው አንተ የሆንክ ይመስልሃል። በጣም በፍጥነት ነበር የማነበው። ከንፈሬ ደርቆ ነበር። ፈጥኜ ባነበብኩ ቁጥር አዮን ያዳንኩ ይመስለኝ ነበር።

ሃያ ስድስተኛው ስም ላይ ደረስኩ።

«አቶ ቱፋ በዳዳ።»

ሁሉም ወደ ማዶ አየ።

«ያውና፣ ጣራው ላይ ነው» አለ አንዱ። ከኋላ አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀና ወዲያው ዝም አለ።

«እዚህ አለ ወይስ የለም?» አሉ ባላምባራስ።

«እዚህስ የለም።»

«እንግዲያው ቀሪ።»

«ቀሪ» ብዬ ጻፍኩ። ፊደሉ ቆንጆ ነበር። ከዚያ ቀን ሁሉ አሁን ድረስ የሚያናድደኝ የፊደሉ ማማር ነው።

አርባ ሦስቱም ስም አለቀ። ባላምባራስ መዝገቡን ፈረሙበት፤ ሰልፍ ተይዞ ወረድን። እንዴት ያለ ሰልፍ መሰላችሁ። መሰላል ከፊት፣ መጥረቢያ ከመካከል፣ ባልዲ ከኋላ። ወንዙ ውስጥ አንድ ሰው ሳይደናቀፍ ተሻገርን። ስንደርስ ጣራው ወደ ውስጥ ተደርምሷል።

አዮ ከጓሮው አጥር ሥር በአንዲት ቅጠል ጠራጊ ነጠላ ላይ ተኝተው ነበር። ሃምሳ አለቃ የኋላውን ግድግዳ በመጥረቢያ በስተው፣ ጫልቱና ቅጠል ጠራጊዋ በቀዳዳው ገብተው ነው ያወጧቸው። ቅጠል ጠራጊዋን ማንም በስም አያውቃትም። የጫልቱ ፀጉር ግማሹ ተለብልቧል። የአቶ ቱፋ ሁለት እጆች ተልጠዋል። ሃምሳ አለቃ መሬት ላይ ተቀምጠው ይስላሉ።

«አሥር እጅ ቢኖረን ግድግዳው ወዲያው ይፈርስ ነበር» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ። «በሦስት ሰው ግን ጊዜ ወሰደ። አዮ ጭሱን ብዙ ጠጥተዋል።»

የእኛ ሰዎች ሥራ ጀመሩ። ባልዲ ተቀባበሉ፣ የተደረመሰውን ጣራ አርጥበው አጠፉ፣ አጥሩን አዳኑ። እውነቱን ለመናገር ጎበዞች ነበሩ። ወደ ጎረቤት እንዳይዛመት አድርገዋል፤ ይህንንም አልክድም።

አዮ ዓይናቸውን ገለጡና ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉ። ድምፃቸው አይሰማም።

«ምን አሉ?» ብለው ባላምባራስ ጎንበስ አሉ።

ጫልቱ ቀና ብላ አየቻቸው። «እንግዶች መጥተዋል፣ ውሃ ስጫቸው ነው የሚሉት» አለች።

ባላምባራስ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው መልሰው አጠለቁት።

አዮ በሦስተኛው ቀን ጠዋት አረፉ። ጥሩምባ ተነፋ፤ ስም ጠራሁ፤ አርባ ሦስቱም ተገኙ። ድንኳኑ በሰዓቱ ተተከለ፤ ወንበሩ በሰዓቱ ተደረደረ፤ ጉድጓዱ በሰዓቱ ተቆፈረ። እንደዚያ ያማረ ቀብር በሰፈራችን አልታየም ብለው ሰዎች አወሩ። እኛ ቀብር እንችላለን። የሞተ ሰው ስም ጥሪው እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ አዮም ጠበቁን።

የወሩ ስብሰባ ደረሰ። አቶ ቱፋ እጆቹ በጨርቅ ተጠቅልለው ከኋላ ተቀመጠ። አንድ ሰው ይህ አጀንዳ ይቅር ይላል፣ ወይም ዝም ተብሎ ይታለፋል ብዬ ነበር። ባላምባራስ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉና «በእሳቱ ዕለት ቀሪ የተባሉት ይነበቡ» አሉ።

ባላምባራስን ደግሜ ደጋግሜ አስቤያቸዋለሁ። ጨክነው አልነበረም። የአቶ ቱፋን ስም ቢዘሉ አድልዎ ይባላል ብለው ፈርተው ነው።

እኔም አነበብኩ። አሁንም ታዘዝኩ። ባዶ እግሩን የመጣው ሰው ተነሥቶ አስረዳ፤ ታለፈ። ሌሎቹም አስረዱ። ከዚያ፦ «አቶ ቱፋ በዳዳ።»

አቶ ቱፋ ተነሣ። እጆቹን የሚያደርግበት አጥቶ ደረቱ ላይ ያዛቸው።

«ቤቴ ነበርኩ» አለ።

«ሌላ የምትጨምረው አለ?» አሉ ባላምባራስ፣ ቀስ ብለው።

«የለም።» ተቀመጠ።

እዚህ ላይ ያበቃል ብዬ ነበር። አላበቃም። አንዱ ተነሥቶ ምክንያቱ በቂ ነው አለ። ሌላው በቂ መሆኑን አምናለሁ፣ ነገር ግን ነገ ሁሉም ቤቴ ነበርኩ እያለ እንዳይቀር ወሰን ይበጅለት አለ። ሦስተኛው ድምፅ ይሰጥበት አለ። ባላምባራስም «እንግዲህ ምክንያቱን የሚቀበል እጁን ያውጣ» አሉ። እጆች ወጡ። አንዳንድ እጅ አልወጣም። እኔ እንድቆጥር ታዘዝኩ።

መቁጠር ጀመርኩና አራት ላይ አቆምኩ። ከዚያ በፊት በስብሰባ ላይ ከታዘዝኩት ውጭ ቃል ወጥቶኝ አያውቅም። ተነሣሁ። ድምፄ ሁልጊዜ ስም የምጠራበት ድምፅ ነበር።

«ያልተነበቡ ቀሪዎች አሉ» አልኩ።

«ሁሉንም አነበብሽ እኮ» አሉ ባላምባራስ።

«አላነበብኩም። ከእሳቱ የቀሩት ገና አልተነበቡም።» መዝገቡን ገልጬ ጀመርኩ። «ጸሐፊዋ አስካለ፣ ቀሪ። ባላምባራስ ወንድይራድ፣ ቀሪ።» የሁለተኛውን አባል ስም ጠራሁ፤ ቀሪ። የሦስተኛውን ስም ስጠራ ሰውየው ሳያስበው «አቤት» አለ። ከዚያ የሆነው ገባውና አንገቱን ደፋ። በጥዱ ሥር አቤት ያሉትን ሁሉ በተራ መጥራት ቀጠልኩ።

«ልጅቱን አስቀምጧት» አለ አንድ ሰው። ሌላው «ይኸ ድፍረት ነው» አለ።

ከጎኔ አባቴ ፊታቸውን ወደ ማንም ሳያዞሩ «ጨርሺው» አሉ።

ጨረስኩት። ሃምሳ አለቃንና ሁለቱን ሰዎች አልጠራኋቸውም። አቶ ቱፋንም አልጠራሁትም። ከዚያ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አባቴን ክንዳቸውን ይዤ ወጣሁ።

ምን ተለወጠ ትሉኝ እንደሆነ፣ በዓመቱ አንቀጽ አራት ተሻረ። ያየ ይሩጥ፣ ስም ከሥራ በኋላ ይጠራ ተባለ። ሴቶችም ተመዘገቡ፤ የመጀመሪያዋ ጫልቱ ነበረች። ለምን እንደተሻረ ግን ማንም አልተናገረም፤ አቶ ቱፋንም ይቅርታ የጠየቀው ሰው መኖሩን አልሰማሁም። እኔ ጠይቄዋለሁ። «አንቺማ ልጅ ነበርሽ» አለኝ። ልጅ አልነበርኩም። ከዚያ ስብሰባ ውስጥ ከማንም የበለጠ የተማርኩት እኔ ነበርኩ፤ ያንን ዓረፍተ ነገርም የጻፈው ትምህርቴ ነው።

በኋላ መሥሪያ ቤት ገብቼ ብዙ ዓመት በጸሐፊነት ሠራሁ። ብዙ ደንብ በእጄ አልፏል። አንድ አንቀጽ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ይህ ሲነበብ ማን ውስጥ ተኝቷል?» ብዬ ነው። አለቆቼ ነገረኛ ናት ይሉኝ ነበር። ይበሉኝ።

እናንተ ዛሬ በየሰፈሩ ቡድን የምታቋቁሙ ሰዎች፣ ደንብ አትጻፉ አልላችሁም። ስትጽፉ ግን የምትፈሩት እሳቱን ነው ወይስ የሚቀረውን ጎረቤታችሁን፣ እሱን ለይታችሁ ተቀመጡ። እኛ አልለየንም ነበር።

ሌላም አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ አዲሱ ጸሐፊ አንዳንድ የተቀደዱ ገጾች እንድገለብጥለት መዝገቡን ቤታችን አመጣው። የዚያን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ፈልጌ አነበብኩት። ሁለት መስመር ብቻ ነው። «የአቶ ቱፋ በዳዳ ምክንያት በድምፅ ብልጫ ተቀባይነት አግኝቷል። ጸሐፊዋ ወይዘሪት አስካለ በሕመም ምክንያት ከሥራዋ ተነሥታለች።»

የፈረሙበት ሰዎች ዛሬ ሁሉም አልፈዋል። መዝገቡም የት እንደገባ አላውቅም። ስለዚህ ሌላ የሚያርመው ስለሌለ እኔው እዚህ ላርመው።

አልታመምኩም ነበር።